መገጣጠሚያ ሲመግል

በሰው አካል ውስጥ አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ስፍራ መገጣጠሚያ ይባላል። በዚህ ስፍራ የአጥንቶቹ ጫፎች በለስላሳ ልም አጥንት የተሸፈኑ ሲሆን፣ ዙሪያቸውን እንደ ከረጢት ያለ ስስ ሽፋን ይከባቸዋል። ከሽፋኑ የሚመነጨው ፈሳሽ፣ ማጠፊያው ዘይት እንደተቀባ በር፣ አጥንቶቹ ያለ ሰበቃ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል። በጤናማ ጉልበት ውስጥ የሚገኘው ፈሳሽ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ወደዚህ ጠባብ ስፍራ ባክቴሪያ ሲገባ ግን ፈሳሹ ይበዛል፤ ይደፈርሳል፤ በመጨረሻም መግል ይሆናል።

ባክቴሪያ ወደ መገጣጠሚያ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በደም አማካይነት ነው። ምንጩ ያመረቀዘ ቁስል ወይም እባጭ ሊሆን ይችላል። ስሱ ሽፋን በደም ሥሮች የበለጸገ ስለሆነ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ባክቴሪያ በቀላሉ ያልፈዋል። ልም አጥንቱ በአንጻሩ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው፣ አንድ ጊዜ ከተበላ እንደ ቆዳ ተመልሶ አይተካም። የበሽታው ክፋት የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች መገናኘት ነው። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚጎርፉት ነጭ የደም ሕዋሳት እንኳ የሚያመነጩት ኬሚካል፣ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ልም አጥንቱን ያሟሟዋል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ለዘለቄታው እስኪጎዳ ድረስ ወራት አያስፈልጉም፤ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ።

በበሽታው የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ መገጣጠሚያው በድንገት ያብጥበታል፤ ይግልበታል፤ ለመታጠፍም ለመዘርጋትም ያስቸግረዋል። ትኩሳትም ይኖረዋል፤ ይሁን እንጂ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል። በዐዋቂዎች ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቃው ጉልበት ነው። በሕፃናት ላይ ደግሞ ዳሌም በብዛት ይጠቃል። መናገር ያልቻለ ሕፃን አንድ እግሩን ከማንቀሳቀስ ይቆጠባል፤ ልብሱ ሲለወጥለትም አምርሮ ያለቅሳል።

በአገራችን እንዲህ ያለው እብጠት ወለምታ ወይም ቁርጥማት ነው እየተባለ በቅድሚያ ወደ ወጌሻ የሚኬድበት ጊዜ አለ። ወጌሻ ውልቃትን በመመለስ የታወቀ ባለሙያ ነው፤ የመገለን መገጣጠሚያ ማሸት ግን ሥቃይ ከመጨመርና ውድ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የሚያሳብጠው የልብ ቁርጥማትም ከዚህ የተለየ በሽታ ነው፤ በዚያኛው መገጣጠሚያው ውስጥ ባክቴሪያ አይገኝም። ሐኪሙ በሽታዎቹን ለይቶ የሚያውቀው በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ በማስመርመር ነው። የራጅ ፎቶግራፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ጉዳት ላያሳይ ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ለዚህ በሽታ ዋነኛ መንሥኤ የሆነውን ባክቴሪያ በመግል ውስጥ ተመልክቶ ያጠናው ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ስታፊሎኮከስ ብሎ ሰየመው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ወይን ዘለላ የተከማቸ በመሆኑ፣ ስሙን ያወጣለት ከግሪክ ቋንቋ ነው። ይህ ባክቴሪያ ከብዙ ጤናማ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። መንገድ ሲያገኝ ነው አደገኛ የሚሆነው።

መንገዱን የሚከፍተው አንዳንዴ ሕክምናው ራሱ ነው። በደም ሥር የሚተከል ቀጭን ቱቦ፣ ወደ መገጣጠሚያ የሚሰጥ መርፌ፣ ያልታጠበ የሐኪም ወይም የነርስ እጅ ባክቴሪያውን ሊያሻግረው ይችላል። በሽተኛው ሆስፒታል ከገባ ከ48 ሰዓት በኋላ የጀመረ ሕመም በተለምዶ በሆስፒታል እንደተያዘ ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ የተጎዳ ዳሌን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት ሲያስፋፋ፣ ያስጨነቀው ይኸው ችግር ነበር። ባክቴሪያ በባዕድ አካል ላይ ሲጣበቅ ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። በመጀመሪያ ከ100 ታካሚዎች ወደ 7 የሚሆኑት ያመረቅዙ ነበር። ቻርንሊ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል አየር እንዲጣራ፣ የሐኪሞቹም አለባበስ እንዲለወጥ አደረገ። ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ከ100 ከአንድ በታች ወረደ።

በሆስፒታል የሚገኘው ባክቴሪያ በብዙ መድኃኒት መካከል ስለሚኖር መድኃኒትን መቋቋም ይለምዳል። ፔኒሲሊንን የተቋቋመውን ስታፊሎኮከስ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1959 ሜቲሲሊን ሥራ ላይ ዋለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይህንንም የሚቋቋም ዝርያ በእንግሊዝ አገር ተገኘ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ሆስፒታል ገብተው በማያውቁ ሰዎች ላይም መታየት ስለጀመሩ፣ በሆስፒታልና በመንደር መካከል የነበረው ድንበር ደብዝዟል። ሐኪሙ ከተቀዳው ፈሳሽ ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው የሚያስመረምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱ እስኪደርስ ግን ሕክምናው አይዘገይም። ፈሳሹ እንደተቀዳ መድኃኒቱ በደም ሥር ይጀመራል፤ መግሉም በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። መግሉ ካልወጣ መድኃኒቱ ብቻውን በቂ አይሆንም። በተለይም በሕፃን ዳሌ ውስጥ የታመቀው መግል ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም ሊያግደው ስለሚችል፣ ሐኪሞች በዚያው ቀን ከፍተው ያጥቡታል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ለሳምንታት ይቀጥላል፤ ሥቃዩ እየቀለለ ሲሄድም መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ቀስ በቀስ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል።