ለብቻው የሚያወራ ልጅ

ልጅ እየሳለ ለብቻው ሲያወራ «ዝም ብለህ ሥራ» ማለት ይቀናናል። የሥነ ልቦና ሊቁ ፒያዤም በ1923 እ.ኤ.አ. ይህን ንግግር ያልበሰለ አስተሳሰብ ምልክት አድርጎት ነበር። ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ በ1934 በታተመው መጽሐፉ የጠቀሰው ሕፃን ግን ሌላ ነገር ያሳያል፦ ትራም እየሳለ እርሳሱ ተሰበረበት፤ መሰበሩን ለራሱ አጉተመተመና የውሃ ቀለም አንስቶ አደጋ የደረሰበት ትራም ይስል ጀመር። ስለ እርሳሱ ያለው ነገር ሥዕሉን ቀየረው። ፈጠራ ብዬ የምጠራው ይህንን ነው።

«አንድ ልጅ ምን ያረጋግጣል?» ቢባል፣ ብቻውን ብዙም አያረጋግጥም። ነገር ግን ቪጎትስኪ ሥራው ሆን ተብሎ ሲከብድባቸው ልጆች ለራሳቸው የሚያወሩት በእጥፍ ገደማ መጨመሩን አስተውሏል፤ ወሬው ከመላ ፍለጋ ጋር ይሄዳል ማለት ነው። ወሬኛ ሁሉ ፈጣሪ ነው ግን አልወጣኝም። ዝምተኛውም ፈጠራ አይጎድለውም፤ ንግግሩ ከዕድሜ ጋር ወደ ውስጥ ይገባልና።