ድምፃችን ውሸታችንን ያጋልጣልን?

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። የውሸት መርማሪ ማሽን ሠሪዎች ግን እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተናጋሪውን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ማድመጥ ይበቃል ባዮች ናቸው። ለመሆኑ ይህ አባባል ምን ያህል ሳይንሳዊ መሠረት አለው?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የቀድሞ የአሜሪካ ጦር መኮንኖች በድምፅ ውስጥ የጭንቀትን ምልክት ይለካል የተባለ መሣሪያ ሠርተው ነበር። መነሻቸው የጡንቻ ንዝረት ነው። ጡንቻዎቻችን በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ እጅግ በረቀቀ ሁኔታ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሰው ሲጨነቅ ይህ ንዝረት ከድምፁ ይጠፋል የሚል ግምት ነበራቸው። ንዝረቱ በእጅ ጡንቻዎች ላይ በሚገባ የታወቀ ቢሆንም፣ በድምፅ ውስጥ የውሸት ምልክት ሆኖ ለማገልገሉ ግን አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም።

የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት መንገዱ ይለያል። ድምፁ ወደ ቁጥር ይለወጥና የቅጥነቱና የውፍረቱ መለዋወጥ፣ የኃይሉ መጠን፣ የንግግሩ ፍጥነትና በመካከል የሚገባው ዝምታ ይለካሉ። ከዚያም ፕሮግራሙ «እውነት» ወይም «ውሸት» ተብለው ከተለዩ በርካታ ቅጂዎች ልዩነቱን እንዲማር ይደረጋል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲዋሽ የታዘዘ ተማሪ ቢነቃበት የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። በፖሊስ ፊት የቀረበ ንጹሕ ሰው ግን እውነቱን እየተናገረም ድምፁ ሊርበተበት ይችላል። የለመደ ዋሾ በበኩሉ አይርበተበትም። ስለዚህ ማሽኑ ጭንቀትን ቢያገኝ እንኳ ውሸትን አገኘ ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በተግባር ፈትኗል። በኦክላሆማ የታሰሩ 319 ሰዎች በቅርቡ አደንዛዥ ዕፅ ወስደው እንደሆነ ተጠየቁ፤ መልሳቸውም በሽንት ምርመራ ተመሳከረ። በወቅቱ በሥራ ላይ የነበሩ ሁለት የድምፅ መርማሪ ፕሮግራሞች ከዋሹት መካከል መለየት የቻሉት 15 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። የብሪታንያ መንግሥትም የድጎማ ጠያቂዎችን በስልክ ለመመርመር የጀመረውን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2010 ትቶታል። የሰው ጆሮና ዓይንም ቢሆኑ አይመኩም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ቅንብር እንደሚያሳየው ሰዎች እውነትን ከውሸት በትክክል የሚለዩት በአማካይ 54 ከመቶ ያህል ነው። ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም።

ወደፊት የተሻለ ማሽን ቢሠራስ? እስቲ እናስላው። በአንድ አውሮፕላን ጣቢያ ከሚያልፉ 1,000 መንገደኞች 10ሩ ዋሾ ናቸው እንበል። ማሽኑ ዋሾውንም እውነተኛውንም 90 ከመቶ በትክክል ይለያል ብለን ብንቀበል፣ 9 ዋሾዎችን ይይዛል። ከ990ዎቹ እውነተኞች መካከል ግን 99ኙን በሐሰት ይወነጅላል። ከተጠረጠሩት 108 ሰዎች በእርግጥ የዋሹት 8 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ «90 ከመቶ ትክክል» የሚል ማስታወቂያ የሚያነብ ተማሪ ሁለት ጥያቄዎችን ሊያነሣ ይገባዋል፦ ማሽኑ የተፈተነው በእነማን ላይ ነው? በሐሰት የሚወነጀሉትስ ስንት ናቸው? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ የማሽኑን ቃል እንደ ምስክርነት መቀበል፣ ድንጋጤን እንደ ወንጀል መቁጠር ይሆናል።