ስለ አዝራር ካሜራ የሚወራውና እውነቱ

በአሜሪካ አፓርታማ የሚያከራዩ፣ አዳዲስ ቤት የሚሸጡና መኪና የሚነግዱ ድርጅቶች ሻጮቻቸው ደንበኛን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ለማየት ምስጢራዊ ሸማች ይልካሉ። ሸማቹ እንደማንኛውም ደንበኛ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቤት ይጎበኛል። ሸሚዙ ላይ ካሉት አዝራሮች አንዷ ግን ካሜራ ናት። ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ስለ መሣሪያው የያዙት ግምት በአብዛኛው ከስለላ ፊልም የመጣ ነው።

ብዙዎች ካሜራው በረቀቀ ቁጥር ሥራው የሚሳካ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ባለካሜራ እስክርቢቶ ወይም መነጽር ይገዛሉ። እስክርቢቶው ኪስ ውስጥ ይዘማል፣ መነጽሩም ባለቤቱ አንገቱን ባዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል። የታይዋኑ ሎውሜት ፒቪ-500ን የመሳሰሉ መሣሪያዎች የተወደዱት ሌንሱና መቅረጫው ስለተለያዩ ነው። ሌንሱ ደረት ላይ ይቀመጣል፤ ባትሪና ማኅደረ ትውስታ የያዘው ሣጥን ደግሞ በቀጭን ሽቦ ተያይዞ ኪስ ይገባል። ያም ሆኖ ሸማቹ ቆሞ ያስተካከለው ሌንስ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የጠረጴዛ ጠርዝ ብቻ ሊቀርጽ ይችላል። ቤት ውስጥ ቆሞም ተቀምጦም መሞከር የግድ ነው።

ሌላው የተለመደ እምነት ዋናው የምስል ጥራት ነው የሚል ነው። ቀረጻውን የሚገመግመው ሰው ግን በቅድሚያ የሚፈልገው ንግግሩን ነው፦ ሻጩ የደንበኛውን ስም ጠየቀ? ፍላጎቱን ለመረዳት ሞከረ? በማይክሮፎኑ ላይ የሚታሽ ሻርፕ ወይም የአንገት ሐብል የአንድ ሰዓት ድካም ገደል ይከታል። ሻጩ ከጀርባው መስኮት ካለ ፊቱ ይጨልማልና ሸማቹ ወንበር ሲመርጥ ይህን ማሰብ አለበት።

ቀረጻው ተቆራርጦ ሲገኝ መሣሪያው ተበላሸ የሚሉም አሉ። ነገር ግን ፋት32 በተባለው የፋይል ሥርዓት የተዘጋጀ ማኅደረ ትውስታ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል መቅረጫው ራሱ ይከፋፍለዋል። ሁሉም ክፍሎች መላክ አለባቸው።

ከሁሉ የከፋው ግን "የላከኝ ድርጅቱ ስለሆነ ሕጉ እኔን አይመለከትም" የሚለው ነው። የአሜሪካ የምስጢር ቀረጻ ሕጎች በዋናነት የሚቆጣጠሩት ድምፅን ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል ይላል፤ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። ሜሪላንድ ግን የሁሉንም ፈቃድ ትጠይቃለች። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት በእነዚህ ሦስት አካባቢዎች ስለሆነ ጉዳዩ ለእነሱ ሩቅ አይደለም። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሕጋዊ የነበረች አዝራር የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትደርስ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ልታስከትል ትችላለች። ሊንዳ ትሪፕ የተባለች የመንግሥት ሠራተኛ ከባልደረባዋ ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር በስልክ ያደረገችውን ንግግር ቀድታ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከሰሰችው በዚሁ የሜሪላንድ ሕግ ነው። ክሱ በ2000 ቢነሣም አቃቤ ሕግ ሕጉን ለመጠቀም እንደማያመነታ አሳይቷል።

ጠንቃቃ ድርጅቶች ለዚህ ሲሉ ሠራተኞቻቸው ሊቀረጹ እንደሚችሉ ቀድመው በጽሑፍ እንዲፈቅዱ ያደርጋሉ። ሸማቹም ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ይህ ፈቃድ መፈረሙን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡለት መጠየቅ ይገባዋል። የሠራተኛው ፊርማ ግን አጠገቡ ቆሞ የሚያወራውን ሌላ ደንበኛ አያካትትም።