እርጥበት የሚያደርቀው ሙጫ

የተቆረጠ ጣት በፋሻ ይጠቀለላል። ድድ፣ ምላስ ወይም ላንቃ ሲቆረጥ ግን ምራቁ ያርሰዋል፣ ምግቡ ይፍቀዋል፤ ፕላስተርም አይይዝበትም። በአፍ ውስጥ በሌዘር የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ይህን ችግር ያጎላዋል።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር 10.6 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የማይታይ ጨረር ነው። ይህን ጨረር ውሃ በብርቱ ይመጥጠዋል። የአፍ ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ወዲያው ይተናል፤ በዙሪያው ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮችም በሙቀቱ ይታሸጋሉ። ደም ስለማይፈስ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሳይሰፋ ይተወዋል። ቁስሉ ከጠርዝ ወደ መሃል ቀስ እያለ በአዲስ ህዋስ ይሸፈናል። እስከዚያው ላዩ ላይ የሚታየውን ነጣ ያለ ሽፋን ብዙ ታካሚ መግል ይመስለዋል፤ በአብዛኛው ግን ሰውነት ራሱ የሠራው ፋይብሪን የተባለ የፕሮቲን ሽፋን ነው።

ይህን ክፍት ቁስል ለመሸፈን ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ሳይኖአክሪሌት የተባለው ሙጫ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሪ ኩቨር በ1942 እ.ኤ.አ. ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚያጣብቅ ግን ተወው። ጥቅሙን የተረዳው በ1951 ሲሆን፣ ሙጫው በ1958 ገበያ ላይ ዋለ። በቬትናም ጦርነት ደግሞ የቆሰሉ ወታደሮችን ደም ለማቆም ተረጭቷል።

ለአፍ የሚስማማው በአደራረቁ ነው። ሌሎች ብዙ ሙጫዎች ውሃቸው ሲተን ይደርቃሉ፤ ይህ ግን እርጥበት ሲነካው ሞለኪውሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሰከንዶች ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። ቢሆንም ምራቅና ደም ከበዙ ሙጫው ሥጋውን ሳይዝ ይጓጉላል፤ ወፍሮ ከተቀባም ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት ያቃጥላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቁስሉን በጎዝ ጠርጎ በስሱ ይቀባዋል።

የቤቱ ሱፐር ግሉ የዚሁ ቤተሰብ ቢሆንም ለቁስል አይሆንም። ሞለኪውሉ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ የሚለቀው ፎርማልዲሃይድ ሥጋን ይጎዳል። የሕክምናዎቹ ቡቲልና ኦክቲል ግን 4 እና 8 ካርቦን ያለው ረዘም ያለ ሰንሰለት ስላላቸው በዝግታ ይፈርሳሉ። የሕክምና ሙጫ ሁሉም አንድ አይደለም፤ በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የኦክቲል ሙጫ ለቆዳ እንጂ ለአፍ ውስጥ አልነበረም። በላንቃ ቁስል ላይ በሰፊው የሚታወቀው ቡቲሉ ነው።

ሙጫው ራሱ ቁስል አያድንም። ሥራው ምግብንና ፍትጊያን መከላከል፣ በዚያውም ሕመምን መቀነስ ነው። ከሥሩ አዲስ ህዋስ ሲያድግ በራሱ ይላቀቃልና ታካሚው በምላሱ ሊልጠው አይገባም። ቁስሉ ካመረቀዘ ወይም ታካሚው ለሳይኖአክሪሌት አለርጂ ካለበት ግን ሙጫው አይቀባም፤ ያመረቀዘ ቁስል ቢሸፈን መግሉ መውጫ ያጣል።