ያልተማከሉ ማኅበራዊ ገጾች፦ ማን ያነብባል? ማንስ ፈልጎ ያገኛል?

የሲያትል ስም በቴክኖሎጂው ዓለም ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት አማዞንና በአጎራባቿ ሬድመንድ የሚገኘው ማይክሮሶፍት ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በሠራተኛ ብዛት ከእነርሱ ጋር ፈጽሞ የማይነጻጸር አንድ አነስተኛ ድርጅት ዋና መቀመጫውን በዚያችው ከተማ አድርጎ ሚሊዮኖች የሚገናኙበትን መድረክ ገንብቷል። መድረኩ ብሉስካይ ይባላል። ውጥኑ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 በትዊተር ጥላ ሥር ነበር። በ2021 ጄይ ግሬበር እንድትመራው ተመረጠች፤ ከትዊተር ተለይቶ ራሱን ከቻለ በኋላም በፌብሩዋሪ 2024 ያለ ግብዣ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር ከ20 ሚሊዮን አልፏል።

በሲያትልና በአካባቢዋ በርካታ አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ፤ የከተማው አስተዳደር መረጃዎቹን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። የማኅበረሰቡ ወሬ ለዓመታት ሲመላለስ የኖረው በአብዛኛው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ነው። ከእነዚህ ወጥቶ ወደ ብሉስካይ ወይም ወደ አቻው ወደ ማስቶዶን የሚሻገር ሰው ግን ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። በፌስቡክ የለመደው «ማን ይየው?» የሚለው ምርጫ በእነዚህ መድረኮች ሌላ ትርጉም አለው። አንዳንዴ ደብቄዋለሁ ያለው ጽሑፍ ይገኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ለሁሉም ክፍት አድርጌ ለጠፍሁ ያለውን ማንም አያገኘውም።

ጉዳዩ ተራ የቴክኒክ ወግ አይደለም። በሬይኒየር ጎዳና አካባቢ የሚከራይ ክፍል የሚፈልግ አዲስ መጤ፣ ወይም የቀብር ሥነ ሥርዓት ቀን የሚያሳውቅ ዕድር፣ ማስታወቂያውን የማያውቁት ሰዎች ጭምር እንዲያገኙት ይፈልጋል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለውና ስለ አገሩ ፖለቲካ የሚጽፍ ሰው በበኩሉ ቃሉ ከሚያምናቸው ሰዎች እንዳይወጣ ይሻል። ስጋቱም ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መሆናቸውን አጋልጧል። የክፍል ፈላጊውና የፖለቲካ ጸሐፊው አንድ ሰው ሊሆኑም ይችላሉ፤ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ የሚጽፍ።

«ያልተማከለ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ መብራራት ይኖርበታል። ፌስቡክ እንደ አንድ ትልቅ መጋዘን ነው፤ ሁሉም ጽሑፍ የአንድ ኩባንያ ንብረት በሆኑ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፣ የሚታየውንና የማይታየውን የሚወስነውም ያው ኩባንያ ነው። በጀርመን የሚኖረው ኦይገን ሮሽኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስጀመረው ማስቶዶን ግን በሺዎች በሚቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ የተበተነ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ባለቤትና የራሱ ደንብ አለው፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት አክቲቪቲፐብ በተባለ የጋራ ቋንቋ ነው፤ ይህም በጃኑዋሪ 2018 ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደረጃዎች አውጪ አካል ያጸደቀው ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ወደ ሳፋሪኮም ደንበኛ መደወል እንደሚችል ሁሉ፣ የአንዱ ሰርቨር ተጠቃሚ የሌላውን ሰርቨር ተጠቃሚ መከተል ይችላል።

ማስቶዶን አንድ ጽሑፍ ሲለጠፍ አራት የዕይታ ደረጃዎችን ያቀርባል። የመጀመሪያው ለሁሉም ክፍት የሆነው ነው። ሁለተኛው ቀድሞ «ያልተዘረዘረ»፣ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ደግሞ «ጸጥ ያለ ክፍት» በሚል ትርጉም ባለው ስም የሚጠራው ነው። ሦስተኛው ለተከታዮች ብቻ፣ አራተኛው በጽሑፉ ውስጥ ስማቸው ለተጠቀሰ ሰዎች ብቻ የሚላክ ነው። ከእነዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሁለተኛው ነው። ጸጥ ያለ ክፍት ጽሑፍን አድራሻውን የያዘ ማንኛውም ሰው ከፍቶ ያነብበዋል፤ ተከታዮች ያዩታል፤ ሌላ ሰውም ለተከታዮቹ ሊያጋራው ይችላል። ነገር ግን በፍለጋ አይወጣም፣ በሰርቨሩ የጋራ ሰሌዳ ላይ አይታይም፣ ሃሽታግ ቢደረግበት እንኳ በሃሽታጉ ገጽ ላይ አይዘረዘርም። ስለዚህ የሚከራይ ቤት ፈላጊው በጸጥ ያለ ክፍት ደረጃ አሥር ሃሽታግ ደርድሮ ቢጽፍ ድካሙ ከንቱ ነው። በአንጻሩ ምስጢር ያለው ሰው ይህን ደረጃ መርጦ «ተደብቄያለሁ» ቢል ራሱን ያታልላል፤ የተሸሸገው መንገዱ ነው እንጂ በሩ አልተቆለፈም።

ለሁሉም ክፍት የተደረገ ጽሑፍም ቢሆን ሁሉም ያገኘዋል ማለት አይደለም። ሰርቨር የሚያውቀው ወደ እርሱ የደረሰውን ብቻ ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ካሉ ሰዎች አንዱ እንኳ ጸሐፊውን የማይከተል ከሆነ፣ ጽሑፉም በማጋራት ወይም በሌላ መንገድ ወደዚያ ካልተሻገረ፣ በዚያ ሰርቨር ሃሽታግ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ «ይህን ሊወድዱት ይችላሉ» ብሎ የማናውቀውን ሰው ጽሑፍ ፊታችን የሚያመጣ ስልተ ቀመር አለ፤ በማስቶዶን መነሻ ገጽ ላይ ግን የሚሰለፈው በዋነኛነት የተከተሏቸው ሰዎች የጻፉትና ያጋሩት ነው፣ እርሱም በጊዜ ቅደም ተከተል። ሚሊዮን ተናጋሪ ባለበት ቋንቋ ይህ ብዙ አይጎዳም። በየሰርቨሩ አንድና ሁለት አማርኛ ጸሐፊ ብቻ በሚገኝበት ሁኔታ ግን አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

የማስቶዶን ፍለጋ ጠባብ የሆነው በስንፍና አይደለም፤ ታስቦበት ነው። ለዓመታት ፍለጋው በዋነኛነት በሃሽታግ ብቻ እንዲሆን የተደረገው፣ ሰዎችን ለማጥቃት የሚፈልጉ ወገኖች አንድ ቃል ጽፈው የማያውቁትን ሰው አድነው እንዳያገኙ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው 4.2 የተባለው ስሪት በጽሑፍ ውስጥ ያሉ ቃላትን መፈለግ ፈቀደ፤ ይህም የሚሠራው ባለቤቱ በግል ማስተካከያው ውስጥ «ክፍት ጽሑፎቼ በፍለጋ ይካተቱ» የሚለውን ምልክት ካደረገና ሰርቨሩም የፍለጋ መሣሪያውን ከጫነ ነው። ምልክቱን ያላደረገ ሰው ለሁሉም ክፍት አድርጎ ቢጽፍም ቃላቱ በእንግዳ ፈላጊ ፊት አይወጡም። ለማኅበር፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም ለንግድ ቤት የተከፈተ ገጽ ይህን ምልክት ሳያደርግ መቆየቱ ሱቅ ከፍቶ ስሙን በሩ ላይ አለመጻፍ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል የሚያመጣው ጣጣ አለ። ሃሽታግ ፊደልን በድምፁ አያነብብም፤ እያንዳንዱ ፊደል ለኮምፒውተሩ የተለየ ቁጥር ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ተሰጧቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ይህ ለጽሕፈት ትውፊታችን የሚበጅ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ውጤቱ ግን «ሥራ» ብሎ የጻፈ ቀጣሪ እና «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሥራ አጥ በሃሽታግ አይገናኙም። «ሐዘን»፣ «ሀዘን» እና «ኀዘን» ሦስት የተለያዩ ገጾች ናቸው፤ «ሲያትል» እና «ሲአትል»ም ሁለት። ሃሽታግ በባዶ ቦታም ሆነ በሁለት ነጥብ ስለሚቋረጥ፣ ሁለት ቃል ማያያዝ የፈለገ ሰው የሥር መስመር መጠቀም አለበት፤ #የሲያትል_ዕድር እንደ ማለት። የሊቃውንቱን የፊደል ክርክር እዚህ መፍታት አይቻልም፤ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ግን ሁለቱንም አጻጻፍ ቢያሰፍር የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

የቋንቋ ምልክቱም መዘንጋት የለበትም። ማስቶዶንም ብሉስካይም ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር «ይህ በዚህ ቋንቋ ተጽፏል» የሚል መለያ ይይዛሉ። ስልኩን በእንግሊዝኛ የሚጠቀም ሰው ምልክቱን ሳይቀይር በአማርኛ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛነት ሊመዘገብና አማርኛ ብቻ ለይቶ ከሚያነብበው ሰው ሊሰወር ይችላል።

ብሉስካይ ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ አቅጣጫ የቆመ ነው። የሲያትሉ ድርጅት የነደፈው ሥርዓት የተመሠረተው ሁሉም ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ነው በሚል መርሕ ላይ ነው፤ ለተከታዮች ብቻ የሚለው ደረጃ በንድፉ አልተካተተም። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የጻፈው በራሱ የመረጃ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ከየማኅደሩ የሚወጣው ሁሉ በአንድ የማያቋርጥ ጅረት ይፈስሳል፤ ያን ጅረት ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ ማዳመጥ ይችላል። ለመገኘት ይህ ትልቅ በረከት ነው። ፍለጋው ሰፊ ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰውም ከጅረቱ የአማርኛ ጽሑፎችን ብቻ እየለየ ለሌሎች የሚያቀርብ ገጽ ሊያዘጋጅ ይችላል። በማስቶዶን የተበታተኑት አማርኛ ጸሐፊዎች እዚህ በአንድ አዳራሽ ሊሰበሰቡ ይችላሉ።

ዋጋው ግን ወዲያው ታይቷል። በኖቬምበር 2024 አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያ አንድ ሚሊዮን የብሉስካይ ጽሑፎችን ሰብስቦ ለምርምር በይፋ አስቀመጠ፤ ተቃውሞ ሲበረታም አነሣው። ማንም ሰብሮ አልገባም፤ ጽሑፎቹ ድሮም ሜዳ ላይ ነበሩ። ብሉስካይ «መለያ ለሌላቸው ጎብኚዎች አታሳይ» የሚል ምርጫ ቢኖረውም፣ ይህ ለሌሎች መተግበሪያዎች የሚቀርብ ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የራሱ የብሉስካይ መተግበሪያ ያከብረዋል፤ ሌላው ላያከብረው ይችላል። መልስ የሚሰጡ ሰዎችን መገደብ ይቻላል፤ ይህም ማን እንደሚናገር እንጂ ማን እንደሚያነብብ አይወስንም። ሰውን ማገድ እንኳ ማን ማንን እንዳገደ ለሚፈልግ ሁሉ በግልጽ የሚታይ መዝገብ ይፈጥራል። በ2024 የተጨመረው የግል መልእክት መላላኪያም ላኪና ተቀባይ ብቻ በሚያነብቡት ምስጠራ የተጠበቀ ሆኖ አልተሠራም።

ምስጢር ያለው ሰው ታዲያ ወደ ማስቶዶን ሦስተኛና አራተኛ ደረጃዎች ቢሄድ ይሻለዋል? በከፊል። ለተከታዮች ብቻ የተባለው ጽሑፍ የሚጠብቀው አዲስ ተከታይ በፈቃድ እንዲገባ የተደረገ እንደሆነ ብቻ ነው፤ አለዚያ ማንኛውም ሰው «ተከተል» የሚለውን ተጭኖ ተከታይ ይሆናል። ጽሑፉ ወደ ተከታዮቹ ሰርቨሮችም ይላካል፤ የእነዚያን ሰርቨሮች አስተዳዳሪዎች ማመን ግድ ነው። ስማቸው ለተጠቀሰ ብቻ በሚለው ደረጃ ደግሞ ብዙዎችን ያሳፈረ ወጥመድ አለ። ሁለት ሰዎች በዚህ መንገድ ሲያወሩ የሦስተኛ ሰው ሙሉ መለያ ስም ከጻፉ፣ ጽሑፉ ለዚያ ሰው በቀጥታ ይደርሰዋል። ሐሜት እንዲህ በአድራሻው የሚደርስበት ሌላ መድረክ መኖሩ ያጠራጥራል።

ማስቶዶን ላይ የወጣ ጽሑፍ ቃላቱ ሊታረሙ ይችላሉ፤ የዕይታ ደረጃው ግን በእርማት አይቀየርም፤ አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ ያስፈልጋል። ማጥፋትም ቢሆን ጽሑፉን ለተቀበሉት ሰርቨሮች «ሰርዙት» የሚል መልእክት መላክ ነው። አብዛኞቹ ይሰርዛሉ። ያን ሰዓት የተዘጋ፣ ግንኙነቱ የተቋረጠ ወይም ላለመታዘዝ የተዘጋጀ ሰርቨር ግን ቅጂውን እንደያዘ ይቀራል፤ ጸሐፊው ያንን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።