ፊደሉ ከቦታው ሲነሳ

«ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እያለ ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ የሚወርድ ልጅ ሁሉ ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው መምህሩ ጣቱን ድንገት «ሞ» ላይ ሲያሳርፍ ነው። ብዙው ልጅ ወዲያው አይመልስም፤ ከንፈሩ «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሞ» ይላል። መልሱ ልክ ነው፤ ልጁ ያወቀው ግን ፊደሉን ሳይሆን ቦታውን ነው። የአብነት መምህራን ይህን ከጥንት ስለተረዱት መፍትሔውን በትምህርቱ ውስጥ አኑረውታል። ሀሁ የጨረሰ ልጅ ወደ ንባብ ከመሻገሩ በፊት አቡጊዳ ይቆጥራል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፤ ቀጥሎም በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ። ፊደሉ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ከባዕድ አጠገብ ይቆማል፤ የለመደው ዜማ ስለማይደግፈው ልጁ መልኩን ለማየት ይገደዳል። በእኔ እምነት የአማርኛ ትምህርት ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ በየደረጃው የራሱ አቡጊዳ ያስፈልገዋል። ተማሪ አወቀ የሚባለው የያዘው ነገር ከለመደው ቦታ ሲነሳም አብሮት ሲሄድ ነው።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ መረጃ አለ። በ2002 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፊደል ሳይነገራቸው ቀርቶ አይመስለኝም። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ይህን ሁሉ በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ ፊደላቱን የሚያስተሳስራቸውን ሥርዓት አያይም። ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱን ጎን ለጎን ብናሳየው ግን በቀኝ ወገባቸው ላይ ያለችው ጭረት የካዕብ (የሁለተኛው ፊደል) ምልክት መሆኗን ራሱ ይደርስባታል። ቤ፣ ሌ፣ ሜ፣ ሴን ስናሳየው ከእግራቸው ሥር ያለችውን ቀለበት ያገኛታል። እንደ ሩና ፉ ያሉት አፈንጋጮች ለብቻቸው ይጠናሉ። ሥርዓቱን የጨበጠ ልጅ አንድ አዲስ ቤት ሲያይ ስድስቱን ልጆቹን ሊገምት ይችላል፤ ቦታ ብቻ የያዘው ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይሸመድዳል።

ንባብ ላይ ስንደርስ አማርኛ ራሱ ለመምህሩ ጥሩ መፈተኛ ሰጥቶታል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። የመጀመሪያው ገና በዓሉ ነው፤ ይጠብቃል። ሁለተኛው ይላላል። ሁለቱም በወረቀት ላይ አንድ ስለሆኑ፣ የሚናገረውን ሳይረዳ በትክክል ሊያነበው የሚችል ልጅ የለም። ስለዚህ አንድ ተማሪ ብቻውን ጮክ ብሎ ሲያነብ መምህሩ መረዳቱን በጆሮው ይሰማል። ይህ ዕድል የሚባክነው መምህሩ አንብቦ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲደግምለት ነው፤ ያኔ ልጆቹ የሚይዙት የመምህሩን አነባበብ እንጂ የጽሑፉን ትርጉም አይደለም። ከምንባቡ በታች ያሉት ጥያቄዎችም መልሳቸው ቃል በቃል ከአንቀጹ የሚነሳ ከሆነ ያው ሀሁ ናቸው። «ይህን ታሪክ ላልሰማችው አያትህ ንገራት» ብንለው ግን ቅደም ተከተሉንና ቃላቱን ለአድማጯ እንዲስማማ ራሱ መቀየር አለበት፤ ያልገባው ነገር እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ከሁሉ የተጎዳው ጽሕፈት ነው። ተማሪው «ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ነው» ብሎ ይመልሳል፤ የጉና ተራራን ብርድ በሦስት ዓረፍተ ነገር ግለጽ ሲባል ግን ይቸገራል። ይኸው ልጅ ነሐሴ 13፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ከጓደኞቹ ጋር ጅራፍና ዱላ ይዞ በየደጁ ሲዞር አባወራውን በስሙ፣ እመቤቲቱን በሙያዋ እያነሳ ለየቤቱ የሚስማማ ግጥም ይገጥማል። አውራጁ የዜማውን ሥርዓት ከወንድሞቹ ወርሷል፤ የሚያፈስበት ቃል ግን በየደጁ አዲስ ነው። የቅኔ ቤቱም ሕግ ይኸው ነው፤ ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃናለታል። ሌላው የተቀኘውን መልሶ ማቅረብ ትምህርት አይባልም። እኛም ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት አለችን። የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራባት መሆኗን አስጠንቶ ከመጠየቅ ይልቅ፣ አንዱ ተማሪ ከመድፍ ሠሪዎቹ እንደ አንዱ፣ ሌላው መድፉን ወደ መቅደላ ከጎተቱት እንደ አንዱ ሆኖ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ቅጽሉም፣ ግሱም፣ አያያዡም ሥራ ላይ ሲውል የሚታየው ያኔ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ክርክራቸው ከባድ ነው። አንደኛው ማስታወስን አታቃሉ የሚል ነው፤ ልክ ናቸው። ጋይንት በቤተልሔም ድጓና በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የተከበረች አገር ናት፤ እዚያ ቃል ሳያዛንፉ መያዝ ግዴታ ነው። ሀሁም ከአቡጊዳ ይቀድማል፤ ያልተያዘ ነገር ከቦታው አይነሳም። ስህተቱ መያዝን የትምህርቱ መጨረሻ ማድረግ ነው። አቡጊዳም ቢሆን በዜማ ብቻ ከተያዘ ሌላ ሀሁ ይሆናል፤ ስለዚህ የምከራከረው ለሠንጠረዡ ሳይሆን ለሐሳቡ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ የየትኛውም እምነት ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊጠቀምበት የሚችል ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የክፍሉ መጨናነቅና የመጽሐፍ እጥረት ነው። የስልሳ ተማሪዎችን ድርሰት በየሳምንቱ ማረም በእርግጥ አይቻልም። ነገር ግን ፊደልን አዘበራርቆ መጠየቅ ከጠመኔ ሌላ ወጪ የለውም፤ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሊደማመጡ ይችላሉ፤ መምህሩም በቀን አምስት ልጆች ቢሰማ በአሥራ ሁለት የትምህርት ቀን ስልሳውን ያዳርሳል። አምስት መስመር ጽሑፍም እንደ ቅኔው በቃል ሊቃና ይችላል።

ሦስተኛው ክርክር ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ተማሪውን ለፈተናው እናዘጋጀው የሚል ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የሰሜኑን ጦርነት ጨምሮ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በቋንቋ ትምህርት ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም ፈተና ማለት የተማሩት ነገር ቦታው ተቀይሮ ሲመጣ ማለት ነውና፣ በቦታው ብቻ የያዘውን ልጅ የምርጫ ጥያቄም አያድነውም።

አሁን ጉዳዩ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከገበታቸው ርቀዋል። ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ ልጅ የት እንዳለ ዕድሜውም ሆነ የክፍል ካርዱ አይነግረንም። ሀሁን በዜማ ስለወረደ ያነባል ብለን ካሳለፍነው፣ የታሪኩም የሳይንሱም መጽሐፍ እንደተዘጋበት ይቀራል። ስለዚህ መምህሩ ምዕራፍ አንድን ከመክፈቱ በፊት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አቅርቦ ይስማው፤ ፊደል አዘበራርቆ ይጠይቀው፣ አይቶት የማያውቀውን ሁለት መስመር ያስነብበው፣ ያነበበውንም በራሱ ቃል ያስነግረው። ትምህርቱ መጀመር ያለበት ልጁ ከቆመበት ቦታ ነው።