ድንኳን ሲመረጥ፦ ዋጋው፣ ክብደቱና ዕድሜው ከጄኔቫ እስከ ዶሎ አዶ

በአልፕስ ተራሮች በእግሩ ለመጓዝ የተነሣ ሰው ጄኔቫ ወይም ዙሪክ ከሚገኝ የተራራ ዕቃ መደብር ገብቶ ድንኳን ሲመርጥ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ክብደቱ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ግራም የማይበልጥ ድንኳን ዛሬ ብርቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ድንኳኑ በቀለለ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። የሳሳው ጨርቅም ከድንጋይ ጋር ሲፋተግና የተራራ ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይጎዳል። ተጓዡ ከሦስቱ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል፤ ቢሳሳት ግን ኪሳራው የራሱ ብቻ ነው።

እዚያው ጄኔቫ ውስጥ ይኸው ምርጫ ከቤት ንብረታቸው ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ይደረጋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እንዲሁም የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ዋና ጽሕፈት ቤቶቻቸው በዚህች ከተማ ናቸው። ሦስቱ በጋራ ያወጡት የቤተሰብ ድንኳን መለኪያ 16 ካሬ ሜትር መኖሪያና በፊትና በኋላ ሁለት ትናንሽ መግቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ በድምሩ 23 ካሬ ሜትር ይሆናል። የታሰበው ለአምስት ሰዎች ነው። ክብደቱ 55 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያገለግልም ይጠበቃል።

ለተራራ ተጓዡ 55 ኪሎ የማይታሰብ ሸክም ነው። የእርዳታ ሠራተኞቹ ግን ከባዱን ጨርቅ የመረጡት ቀላሉን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የድንኳኑ ግድግዳና ጣሪያ ጥጥና ፖሊስተር ተደባልቆ የተሠራ ነው። ጥጥ አየር ያሳልፋል፣ ሲረጥብም ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። ሰባት ሌሊት ለሚያድር መንገደኛ በድንኳኑ ውስጥ የሚቋጠር የትንፋሽ ጤዛ ትንሽ ምቾት ቢነሣው ነው። ሕፃናትን ይዞ ክረምቱን ሙሉ ለሚኖር ቤተሰብ ግን የበሽታ ምንጭ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ንጹሕ ጥጥ እርጥብ ሳለ ከታጠፈ ይሻግታል፤ ፖሊስተሩ የተጨመረው ለዚህና ለጥንካሬ ነው። ለእድር ድንኳን ገዝቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ዝናብ የመታውን ሸራ ሳያደርቁ መጋዘን ያስገቡ እድርተኞች በቀጣዩ ኀዘን ሲዘረጉት ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁታል።

ክብደት በእርዳታ ሥራ የሚለካው በትከሻ ሳይሆን በአውሮፕላንና በጭነት መኪና ነው። 40 ቶን የሚያነሣ አውሮፕላን፣ ክብደት ብቻ ቢታሰብ፣ 700 ያህል የቤተሰብ ድንኳኖችን ይጭናል። አራት በአምስት ሜትር የሆነው የፕላስቲክ ሸራ ግን አንዱ ከአራት ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ ያው አውሮፕላን ወደ 9,000 የሚጠጋ ሸራ ሊያደርስ ይችላል። በኢትዮጵያ የተፈናቃዮች መጠለያዎች በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ አዘውትሮ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። እንጨቱን የሚፈልገው ግን ተፈናቃዩ ራሱ ነው፤ የአካባቢው ደን ዋጋውን ይከፍላል።

ከድንኳን የተሻለ ነገር ፍለጋው ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ነበር። በኢኬያ ፋውንዴሽን ድጋፍ በስዊድን የተነደፈው ቤተር ሼልተር የተባለ ተገጣጣሚ ቤት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2013 የሶማሊያ ስደተኞች በሚኖሩበት በዶሎ አዶ ተሞክሯል። የብረት አጥንትና የፕላስቲክ ግድግዳ፣ የሚቆለፍ በር፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት አለው። ወለሉ 17.5 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 160 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ዕድሜው ሦስት ዓመት እንደሚሆን ታስቧል። በ2015 የስደተኞች ኮሚሽኑ 10,000 ያህሉን ለመግዛት ሲስማማ የአንዱ ዋጋ 1,150 ዶላር ገደማ ነበር። ድንኳኑ በዚያን ጊዜ የዚህን ግማሽ ያህል ያወጣ ነበር።

በመጀመሪያ ሲታይ ድንኳኑ ይረክሳል፣ ይቀልላልም። በሦስት ዓመት ሲሰላ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ ድንኳን ቢቀየርለት ሦስቱ 165 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ወጪያቸውም ከአንዱ ቤት ይበልጣል። ችግሩ የእርዳታ ገንዘብ በዓመት በጀት የሚመጣ መሆኑ ነው። በአደጋው የመጀመሪያ ሳምንት ሺህ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ በተመሳሳይ ገንዘብ ግማሹን ብቻ አስጠልሎ ስለ ሦስተኛው ዓመት ቁጠባ ማስረዳት ይከብዳል፤ ደግሞም ትክክል አይሆንም።

ከሦስቱ መመዘኛዎች ውጭ የሆነ አንድ አራተኛ ጉዳይ የወጣው ዙሪክ ላይ ነው። ከተማዋ ወደ አውሮጳ የሚጎርፈው ስደተኛ በበዛበት በ2015 ከእነዚሁ ቤቶች 62 ያህል ገዝታ ኦርሊኮን በተባለው ሰፈር በሚገኝ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ልትተክላቸው አቅዳ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የተደረገው የእሳት ፍተሻ ቤቶቹ በቀላሉ እንደሚቀጣጠሉ በማሳየቱ ዕቅዱ ተሰረዘ፤ በምትካቸው የእንጨት ክፍሎች እንዲሠሩ ተወሰነ። አምራቹ በበኩሉ ምርቱ ቀደም ሲል የእሳት ፍተሻ ተደርጎለት እንደነበር ገልጿል።

ውሳኔው ቤቱ ለማንም አይበጅም ማለት አልነበረም። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ተጠጋግተው በተተከሉ ቤቶች መካከል የሚነሣ እሳት በሜዳ ላይ እንደሚነሣው አይደለም። በሜዳ መጠለያዎች የሕይወት ዋስትና የሚሆነው ከጨርቁ ይልቅ ርቀቱ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሜትር በየመጠለያው መካከል፣ በየ300 ሜትሩም 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ እንዲተው ይመከራል። ቦታ በጠበበባቸው መጠለያዎች መጀመሪያ የሚሸረሸረውም ይኸው ርቀት ነው።

ረጅም ዕድሜ ራሱ ሁልጊዜ አይወደድም። ሊባኖስ የሶርያ ስደተኞችን ስታስተናግድ ተገጣጣሚዎቹን ቤቶች ለመቀበል አመንትታ ነበር፤ ጠንካራ ግድግዳ የሚቀር ሰው ምልክት ይመስላልና። ድንኳን እንግድነትን ያስታውሳል፤ ለአስተናጋጁ መንግሥት ይህም ከጥቅሞቹ አንዱ ነው።

በዶሎ አዶ ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች ውሎ አድሮ ከድንኳን የወጡት ከውጭ ወደመጣ ቤት አይደለም። ሸምበቆ አቁመው በጭቃ በተመረጉና ቆርቆሮ በለበሱ ቤቶች መኖር ጀመሩ። ጭቃው ከባድ ነው፣ ምስጥም ሸምበቆውን ይበላዋል። ሆኖም የፈረሰውን ግድግዳ ባለቤቱ ከጄኔቫ ምንም ሳይጠብቅ በማግስቱ ይመርገዋል።